ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ልታጠምዱ ስትወጡ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው እሁድ አንድ ጓደኛዬ ከላንጋኖ ሲመለስ ደወለልኝ። ደስታው ከድምፁ ይሰማል። «አስራ አንድ ቆሮሶ ያዝን!» አለኝ። «በረዶ ይዛችሁ ነበር?» አልኩት። ዝም አለ። ዓሣው በፌስታል ተቋጥሮ ከመኪናው ኋላ፣ ከዕቃ ጋር ተጭኗል። ሰዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ገና መቂ መድረሳቸው ነበር።

ይሄን ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ያለ በረዶ መሄድ። ሰው ለጉዞው ዳቦ ይገዛል፣ ከሰል ይገዛል፣ ድስት ይሸከማል፣ የሚያርፍበት ምንጣፍ ሳይቀር ይጭናል። የሚያመጣውን ዓሣ በምን እንደሚያመጣው ግን አንድም ሰው አያስብም። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሞጆ ላይ መንገዱ ከተጨናነቀ ጉዞው ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። የዓሣ ሥጋ ደግሞ እንደ በሬ ሥጋ አይታገስም። መጀመሪያ ዓይኑ ይጎደጉዳል። ቀይ የነበረው ስንጥቡ ይጠቁራል። ከዚያ ሽታው ይመጣል። ያን ጊዜ ሎሚም ሚጥሚጣም አያድነውም።

እኔም አድርጌዋለሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ 14 ዓሣ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ እየፎከርኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ከረጢቱን ፈትታ አንዴ አሸተተችው። ምንም አልተናገረችም። ጓሮ ወስዳ ቆፍራ ቀበረችው። ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። 14 ነፍስ አጥፍቼ አንዱም የሰው ጉሮሮ ሳያልፍ ቀረ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ በውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። እስከ አፉ አትሙሉት፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል። ከጉዞው ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ አስቡ። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም የበረዶ ሳጥን ከሌላችሁ ተዋሱ። የጠርሙስ በረዶ ጥሩነቱ ሲቀልጥ ውሃው እዚያው ውስጥ መቅረቱ ነው፤ ዓሣው አይዘፈዘፍም።

ዓሣውን እንደያዛችሁ ጭንቅላቱን በዱላ መትታችሁ ቶሎ ግደሉት። አሸዋ ላይ እየተንፈራገጠ እንዲሞት አትተዉት። ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ አጥባችሁ በረዶው መሃል አስገቡት። ፎቶው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ትልቅ መንጠቆ መግዛት። ጀማሪ ሁሉ ትልቅ ዓሣ ስለሚያልም ትልቅ መንጠቆ ይገዛል። የቆሮሶ አፍ ግን ትንሽ ነው። ትሉን ከዳር ከዳር ለቅሞ ይሄዳል፤ እናንተ ባዶ መንጠቆ እየሳባችሁ ትውላላችሁ። ቁጥሩም ያሳስታል። መንጠቆ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ያንሳል፣ ስለዚህ 10 ቁጥር ከ4 ቁጥር ያነሰ ነው። ለቆሮሶ 8 ወይም 10 ያዙ። አምባዛ የምትፈልጉ ከሆነ 1/0፣ 2/0 ወደሚባሉት ሂዱ፤ እነሱ ደግሞ ቁጥሩ ሲጨምር ይተልቃሉ። ሁለቱንም ዓይነት በዛ አድርጋችሁ ግዙ፤ ድንጋይና ሥር የሚያስቀረው አይጠፋም።

ውድ ዘንግ አያስፈልጋችሁም። 50 ሜትር ናይለን ክር በባዶ ሃይላንድ ላይ ጠቅልላችሁ፣ ጫፉ ላይ ክሩን የሚያሰጥም ትንሽ እርሳስ (ብረቱን ማለቴ ነው) እና መንጠቆ ብታስሩ ይበቃል። ሐይቅ ዳር ያደጉት ልጆች በዚህ ነው የሚያጠምዱት። ከእኔ ዘንግ የበለጠ ሲይዙ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ትሉን እዚያ አገኛለሁ ማለት። በበጋ የሐይቁ ዳር ደርቆ አፈሩ አለት ይሆናል። አዲስ አበባ እያላችሁ እርጥብ የጓሮ አፈር ቆፍራችሁ ትሉን ከነአፈሩ በቆርቆሮ ያዙ። ክዳኑን ብሱት። ጥላ ውስጥ አኑሩት። ትል የሚቀፈው ሰው በውሃ የታሸ የዱቄት ሊጥ ይያዝ፤ ቆሮሶ አይጠላውም።

እኩለ ቀን ላይ መድረስ። እዚያው ማደር ይሻላል። ካልተቻለ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ከምሳ በኋላ ንፋስ ይነሳል። ጠዋት እንደ መስታወት የነበረው ውሃ ማዕበል ይሆናል። ጀልባ ላይ የምትወጡ ሰዎች፣ የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ አትውጡ። ዋና እችላለሁ ያለ ሰው ስለሰጠመ ነው ይህን የምለው። ባለ ጀልባው ቢስቅባችሁም አትውጡ።

የምታድሩ ከሆነ አጎበር። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባው ይበረታል።

ውሃው ውስጥ በባዶ እግር መቆም። ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ ጣና ላይ ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ አምጪ ጥገኛ ትል አለ። በውሃው ውስጥ ካለች ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ ሲገባም አይታወቃችሁም። ቦቲ ጫማ ያዙ። ጫሞ ከሄዳችሁ ደግሞ ከውሃው ዳር ራቁ፤ እዚያ አዞው ብዙ ነው። ጉማሬ ያለበት ሐይቅ ላይ አመሻሽ ላይ በጉማሬውና በውሃው መሃል አትገኙ። ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውሃው ነው።

አምባዛን በባዶ እጅ መጨበጥ። ከጉንጩ ጎን በግራና በቀኝ ያለው እሾህ መዳፍ ይበሳል። ፒንሳና አሮጌ ፎጣ ያዙ።

የሌላውን ሰው መረብ አለማየት። ይህ እኔ ያጠፋሁት ነው። ዝዋይ ላይ ውሃው ላይ ተደርድረው የሚንሳፈፉ ሃይላንዶች አይቼ ቆሻሻ መሰለኝ። ክሬን በላያቸው ወረወርኩ። ተያዘብኝ፣ በኃይል ሳብኩት፣ አንድ ነገር ተቀደደ። የመረቡ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ቀስ ብለው በጀልባ መጡ። አልተቆጡም። የተቀደደውን በእጃቸው ይዘው «ልጄ፣ የእኔ ማሳ ይሄ ነው» አሉኝ። ዋጋውን ከፈልኩ፣ ግን ያን ቀን ያጡትን ዓሣ አልከፈልኩም። የሚንሳፈፍ ሃይላንድ ወይም ቡሽ ካያችሁ ከሥሩ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ አለ። ስትደርሱ መጀመሪያ አጥማጆቹን ሰላም በሉ፤ የት መቀመጥ እንዳለባችሁም ጠይቁ። ማጥመድ በአዋጅ የሚመራ ሥራ ስለሆነ ፈቃዱንም ከአካባቢው ግብርና ጽሕፈት ቤት አጣሩ።

የያዙትን ሁሉ ማስቀረት። እናት ቆሮሶ ዕንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ይገባሉ። አንዳንዴ ስትስቧት ከአፏ ቢጫ ፍሬ ይዘረገፋል። ያን ካያችሁ እጃችሁን አርጥባችሁ መንጠቆውን ንቀሉና መልሷት። ከመዳፍ የማይበልጡትንም እንዲሁ።

አንድ ባዶ ሃይላንድ ደግሞ ለብቻው ያዙ። የተቆረጠ ክርና የታጠፈ መንጠቆ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። ሐዋሳ የዓሣ ገበያው ያለበት አሞራ ገደል አጠገብ አንድ እግሩ በናይለን ክር የተጠፈረ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ አይቻለሁ። ወደ ተጣለ የዓሣ ጭንቅላት ለመድረስ በአንድ እግሩ ይነጥር ነበር። ልንይዘው ሞከርን፣ በረረብን። ክሩ ከእግሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር።