ለጥምቀት ስትሄዱ የድመት ግልገሏን ከቤቷ አታውጧት

ለጥምቀት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የምትሄዱ፣ አዲስ ያመጣችኋትን የድመት ግልገል ጎረቤት ቤት አታሳድሯት። ድመት ቦታና ሽታ ትለምዳለች፤ እንግዳ ቤት ስትገባ አልጋ ሥር ተደብቃ ምግብ ትተዋለች፣ በር ሲከፈትም ታመልጣለች። እርሷ በክፍሏ ትቆይ፣ ጎረቤት ይምጣላት።

ዘዴው ይህ ነው፦ ከመሄዳችሁ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ፣ እናንተ እያላችሁ፣ ምግቧን ያ ጎረቤት ይስጣት። ለብሳችሁት ያልታጠበ ነጠላ ወይም ሹራብ ደግሞ መኝታዋ ላይ ተዉላት። ሽታችሁ ከክፍሉ አይጠፋም፤ የጎረቤቱም ድምፅ ከምግብ ጋር ተያይዞ ይለመዳል። የእኔዋ በሁለተኛው ቀን በሩ ገና ሳይከፈት ትጠብቀው ነበር።

የጣና ቀረሶ ዓሣ ያለ ጨው ተቀቅሎ፣ እሾኩ ተለቅሞ ይሰጣት፤ በባሕር ዳር ሙቀት ግን የጠዋቱ እስከ ማታ አይቆይም። ወጥ የነካው እንጀራ በፍጹም አይሰጣት! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሟን ይጎዳሉ። የላም ወተትም ብዙዎቹን ስለሚያስቀምጣቸው ንጹሕ ውኃ ይሻላል።

ስምንት ሳምንት ያልሞላት ግልገል ከሆነች ይህን አትሞክሩ፤ ቶሎ ቶሎ መብላት ስላለባት አብሯት የሚያድር ሰው ያስፈልጋታል።