ውሃ የገባበት ቤት እንዳይሻግት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ ወደ ቤት የሚገባባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። ክረምት ሲመጣ ምስማሩ የላላ ቆርቆሮ ያፈሳል፤ አሸንዳው በቅጠል ይደፈናል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ይንጠባጠባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሳይዘጋ የተረሳ ቧንቧ ሌሊት ቤቱን ያጥለቀልቀዋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ወለሉን ጠርጎ «ደረቀ» ማለት ነው። ሻጋታ እርጥብ ነገር ላይ ለመነሳት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊበቃው ይችላል። ሴራሚኩ ሲደርቅ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ገና እርጥብ ነው። ከፕላስቲክ ምንጣፉ ስር ያለው ሊሾም እንደዚያው፤ ፕላስቲኩ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል። ስለዚህ በዚያው ቀን ምንጣፉን ይጠቅልሉ። ዕቃውን ከግድግዳ ያርቁ፤ የቁም ሣጥኑን በሮችና መሳቢያዎች ይክፈቱ። ውሃው ሶኬት ወይም ኮርኒስ ላይ ከደረሰ ግን ምንም ከመንካትዎ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉ።

ሁለተኛው ስህተት መስኮት ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ነው። ቤቱ ሲበርድና ሲረጥብ ያጓጓል፤ እባክዎ አያድርጉት። የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ቤተሰብ በተኛበት ይገድላል። ቤት የሚያደርቀው የሚንቀሳቀስ አየር ነው። በክረምትም ቢሆን ጠዋት ላይ ፀሐይ የምትወጣባቸው ቀናት አሉ። ያኔ እርስ በርስ ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች ከፍተው ነፋሱ እንዲያልፍ ያድርጉ። ቬንትሌተር ካለ ወደ እርጥቡ ግድግዳ ያዙሩት።

ቀለም መቀባት ሌላው ነው። ይህ በተለይ ያናድደኛል፤ ቤት ሊከራይ ሲል ጥቁሩን ነጠብጣብ በቀለም ሸፍኖ ለተከራይ ማስረከብ ተለምዷል። ሻጋታው ከቀለሙ ስር አይሞትም። ቀለሙ ይነፋል፣ ይላጣል፣ ጥቁሩም ተመልሶ ይወጣል። አስም ያለበት ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ ሲያድር ሳሉ ይብስበታል። የብሎኬት ግድግዳና ልስን እስኪደርቅ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። መድረቁን ለማወቅ ቁራጭ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቀው ያሳድሩ። በማግስቱ ከፕላስቲኩ ጀርባ የውሃ ጠብታ ካዩ ቀለም ቀቢ የሚጠራበት ጊዜ አልደረሰም።

በረኪናም ሁሉን አይፈታም። ሴራሚክ ላይ ይሠራል። እንጨት፣ ቺፑድና ጂፕሰም ላይ ግን ላይ ላዩን ያነጣል እንጂ ውስጥ አይዘልቅም። ጠንካራ ነገር ላይ ያለውን ሻጋታ በሳሙናና በውሃ ፈትገው ቶሎ ያድርቁት። ደረቅ መጥረጊያ ብናኙን ስለሚበትነው መጀመሪያ ያርጥቡት፤ አፍና አፍንጫዎን በማስክ ይሸፍኑ። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ዕቃ መጣል ከባድ ነው። ዋጋው እንዲህ በናረበት ጊዜ ማን ይጨክናል? ልብስና መጋረጃ ታጥቦ ፀሐይ ከመታው ይተርፋል። ውሃ ጠጥቶ የሻገተ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ያበጠ ቺፑድና የሻገተ የአቡጀዲ ኮርኒስ ግን አይተርፉም። ጓዳ ውስጥ ረጥቦ የሻገተ እህልና በርበሬም እንዲሁ። አንዳንዱ ሻጋታ ጉበትን የሚጎዳ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል፤ መቁላትም ሆነ ማጠብ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የውሃው ምንጭ ካልተዘጋ ድካሙ ከንቱ ነው። ከላይኛው ፎቅ የሚወርድ ከሆነ ጎረቤትዎን ጠርተው ኮርኒሱን በዓይናቸው እንዲያዩት ያድርጉ። የቧንቧ ሠራተኛው ከጨረሰ በኋላም እላይ ቤት ሻወር እንዲከፈት ይጠይቁ። ማታም በማግስቱም ኮርኒስዎን በእጅዎ ዳስሰው ይዩት።