ዶማው ከመነሳቱ በፊት

ክረምት ሲገባ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ውሃ ማንንም አያስፈቅድም። እኛ ደሴዎች ግን የውሃ መውረጃ ቦይ ለመቆፈር ማስፈቀድ አለብን። አምና ሐምሌ የሰፈሩ ቱቦ ሞልቶ ሽታው ሳሎናችን ድረስ ገባ። ባለቤቴ ተናዶ በማግስቱ መቆፈር ጀመረ። ፈቃድ የለህም ብለው አስቆሙት።

ስለዚህ የፈቃዱን ጉዳይ በግንቦት ጀምሩት። ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን በከሰል አስምሩና ፎቶ አንሱ። ከዚያ ማመልከቻ፣ የይዞታ ካርታ ኮፒና የቦዩን ንድፍ ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ። ንድፉ ላይ ውሃው ከየት ተነስቶ የት እንደሚወጣ በቀስት አሳዩ። እኔን ያስመለሰኝ ይሄ ነው። መውጫው ለካ የታችኛዋ ጎረቤታችን በር ላይ ነበር! እትዬ «ልጄ፣ ጎርፍሽን ለኔ ልትሰጪኝ ነው?» አሉኝ። ቡና አፈላሁ፤ መስመሩን ወደ መንገዱ ዳር ቦይ (ዲች) አዞርነው፤ ፈረሙልኝ።

ቦዩ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። የሽንት ቤት ቱቦ ከዝናብ ቦይ ጋር በፍጹም አታገናኙ። መንገድ የምትቆርጡ ከሆነ እሱንም ማመልከቻው ላይ ጻፉት።

ባለሙያው መጥቶ ሳይለካ ደግሞ አሸዋ አታስወርዱ። የኛን ግማሹን ዝናቡ ወደ ቦርከና ወንዝ ይዞት ወርዷል።