የኤክስሬይ ላይሰንስ በአሜሪካ፦ ሥራ የሚያስተጓጉሉ ስህተቶች

ቨርጂኒያ ሆስፒታል ውስጥ ስሠራ የስቴት ላይሰንስ የጠየቀኝ አልነበረም። የኤአርአርቲ ካርዴን፣ ማለትም የኤክስሬይ ሙያ ምስክር ወረቀቴን አሳየሁ፣ ሥራ ጀመርኩ። ከዓመታት በኋላ ለቤቴ ቀረብ ያለ የአጥንት ክሊኒክ ቀጠረኝ። ልጀምር ሁለት ቀን ሲቀረኝ ከሠራተኛ ክፍል ተደወለ። «ላይሰንስህ የታለ?» ካርዴን ላክሁ። «ይሄ አይደለም» አሉኝ። ሥራው ወር ከምናምን ተጓተተ። የቤት ኪራዩ ግን በቀኑ መጣ።

ካርዱንና ላይሰንሱን አንድ አድርጎ ማየት የብዙዎቻችን ስህተት ነው። ኤአርአርቲ በ1922 የተቋቋመ፣ የሙያ ምስክር ወረቀት የሚሰጥ የግል ድርጅት ነው። መንግሥት አይደለም። ፈተናውን ማለፋችሁን ይመሰክራል። በሕግ እንድትሠሩ የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ግን ስቴቱ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በ1981 ሕግ አውጥቶ ዝቅተኛ መለኪያ እንዲቀመጥ አድርጎ ነበር። መለኪያውን መቀበል አለመቀበሉን ግን ለስቴቶቹ ተወው። ለዚህ ነው አንዱ ጋ የሚሠራው ሌላው ጋ የማይሠራው።

የእኔን ጉዳይ እንኳ ብናይ፣ የቨርጂኒያ ሕግ ፈቃድ ያለው ሆስፒታል ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራን ቴክ (የኤክስሬይ ባለሙያ) ከላይሰንስ ግዴታ ነፃ ያደርገዋል። ከሆስፒታሉ ወጥቶ ክሊኒክ ሲገባ ነፃነቱ እዚያው ይቀራል፣ የሕክምና ቦርዱን ላይሰንስ ማውጣት አለበት። ድልድዩን ተሻግሮ ጎረቤት ስቴት ሜሪላንድ ሆስፒታል ልግባ ካለ ደግሞ የዚያ ስቴት የሐኪሞች ቦርድ የሚሰጠው ላይሰንስ ያስፈልገዋል። የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው እንግዲህ።

«አንድ ካወጣሁ ሌላው ቀላል ነው» ማለትም አለ። ይሄን የምንለው ነርሶቹን እያየን ይመስለኛል። ነርሶች በብዙ ስቴቶች መካከል ስምምነት ስላላቸው በአንድ ላይሰንስ ብዙ ቦታ ይሠራሉ። ያ ስምምነት እኛን አያካትትም። ትራቭል ኮንትራት (ሌላ ስቴት ሄዶ ለጊዜው የመሥራት ውል) ከመፈረማችሁ በፊት የምትሄዱበትን ስቴት ደንብ አንብቡ። ቴክሳስ የራሱን ሕግ የምትፈተኑበት ፈተና አለው። ካሊፎርኒያ ፍሎሮስኮፒ (በስክሪን ላይ በቀጥታ የሚታይ ኤክስሬይ) ለመሥራት ለብቻው ፈቃድ ይጠይቃል። ኦፕራሲዮን ክፍል ሲ-አርም የሚባለውን ተንቀሳቃሽ የፍሎሮስኮፒ ማሽን ይዛችሁ የምትቆሙ ከሆነ ያለዚያ ፈቃድ አይሆንም። እዚያ እንኳን ቴክ፣ ሐኪሙም ቢሆን ያለ ፈቃድ የኤክስሬይ ማሽን አይነካም።

አሁን ወደ ራሳችን ጣጣ። ስም! ፓስፖርት ላይ የአባት ስም፣ ግሪን ካርድ ላይ የአያት ስም፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ስፔሊንግ። ፀጋዬ በ«ቲ» ይጀምራል ወይስ በ«ኤስ»? ለፈተና ስትሄዱ መታወቂያችሁ ላይ ያለው ስም ከተመዘገባችሁበት ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ከበር ትመለሳላችሁ። የስቴት ቦርዱም የኤአርአርቲ መዝገባችሁን ሲያጣራ በአንድ ስም ሊያገኛችሁ ይገባል። ዜግነት ስትወስዱ ስም ከቀየራችሁ ሁሉም ጋ አሳውቁ።

ከአገር ቤት በሙያው ተመርቀው በዲቪ የሚመጡ ልጆች ደግሞ «ዲግሪዬን አስመዝኜ ለፈተና እቀመጣለሁ» ይላሉ። የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ብቻውን ለፈተናው አያስቀምጥም። ኤአርአርቲ በሚያውቀው ትምህርት ቤት በኩል ማለፍ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ከተማራችሁት የተወሰነውን ሊቀበል ይችላል፣ የክሊኒክ ልምምዱን ግን አይቶ መፈረም ያለበት እሱ ነው። ስለዚህ ለግምገማ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የፕሮግራሙን ኃላፊ አናግሩ። «እኔ አስጨርሳለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

ጠጥቶ መንዳትን መደበቅ የባሰው ነው። «ጉዳዩ ተዘግቷል» ብሎ ዝም ማለት አያዋጣም። ኤአርአርቲ ይጠይቃል፣ ስቴቱም ይጠይቃል። ጥፋቱ ራሱ ሊታለፍ ይችል ይሆናል፣ መዋሸቱ ግን ራሱን የቻለ የሥነ ምግባር ጥሰት ነው። ትምህርት ከመጀመራችሁ በፊት ኤአርአርቲ ጉዳያችሁን አስቀድሞ የሚያይበት አሠራር አለ። ትንሽ ይከፈልበታል። ሁለት ዓመት ተምሮ መጨረሻ ላይ ከመከልከል ይሻላል።

እድሳቱን በአጭሩ፦ ኤአርአርቲ በሁለት ዓመት 24 የትምህርት ክሬዲት ይፈልጋል፣ ካርዱ ደግሞ በየዓመቱ በተወለዳችሁበት ወር ይታደሳል። የስቴቱ ላይሰንስ የራሱ ቀን አለው። ሁለቱንም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። አንዱን አድሶ ሌላውን የረሳ ስንቱን አይቻለሁ!

አንድ የቀረ። በአንዳንድ ስቴቶች «ሊሚትድ» የሚባል ላይሰንስ አለ፣ ደረትን ወይም እጅና እግርን ለመሳሰሉ የተወሰኑ ክፍሎች ብቻ የሚያገለግል። አለቃ ግን ሊሚትድ ላላት ቴክ «ዛሬ ሰው የለም፣ ሲቲ ስካኑንም ሥሪልኝ» ይላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አይታችሁ አትታለሉ። እሱ የማሽኑ ምዝገባ ነው፣ የእናንተ ላይሰንስ አይደለም።