ጌም ሲከፈት ድርግም የሚል ኮምፒውተር፦ ችግሩና መፍትሄው

በአነስተኛ ብር የጌም ኮምፒውተር የሚገጥም ሰው፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ መንገዱ ያው ነው። ከቢሮ የወጣ ስላሽ (ያገለገለ) ዴል ወይም ኤችፒ ታወር ይገዛል፣ ራም ይጨምርበታል፣ ኤስኤስዲ ያስገባለታል፣ በመጨረሻ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ይሰካበታል። ዊንዶውሱ ይነሳል፣ ፊልሙ ይታያል። ጂቲኤ 5 ሲከፈት ግን ድርግም! ራም አውጥቶ በላጲስ ማጽዳት፣ ኬብል ነቅሎ መሰካት፣ ድራይቨር ማደስ፤ እነዚህን የማያውቅ ሰው ኬዝ ስለማይከፍት እዚህ አይነሱም።

አጠፋፉን እዩ

ካርድ ለመቀየር ከመሮጥ በፊት እንዴት እንደጠፋ ማየት የሥራው ግማሽ ነው። ፋኑ፣ የኬዙ መብራትና ድምፁ በአንድ ቅጽበት ቀጥ ካሉ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ ድምፁ ከቀጠለና ፋኖቹ ከዞሩ ካርዱን፣ ድራይቨሩን ወይም የስክሪን ኬብሉን ጠርጥሩ። ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ከራም ጀምሩ። ሩብ ሰዓት ያህል ተጫውታችሁ መጀመሪያ መንቀርፈፍ፣ ከዚያ መጥፋት ከሆነ ሙቀት ነው።

ዊንዶውስ ስህተቶችን በሚመዘግብበት ኢቨንት ቪወር ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚለውን ያየ ሁሉ ጥፋቱን ዊንዶውስ ላይ ይለጥፋል። ያ መስመር የሚናገረው ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አያውቅም። ዊንዶውስ አራት ጊዜ ተጭኖበት አሁንም በዚያው ጌም፣ በዚያው ቦታ የሚጠፋ ማሽን ሞልቷል። ፎርማት ፓወር ሳፕላይ (የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ የሚቀይረውን ሣጥን) አይጠግንም።

ቀጥ ብሎ የሚጠፋው

ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ፓወር ሳፕላዩ ላይ በትልቁ የተጻፈው «600 ዋት» ውሸት መሆኑ ነው።

ኬዙን ክፈቱና የፓወር ሳፕላዩን ስቲከር አንብቡ። ትልቁን ቁጥር እርሱት። በትንንሹ ከተጻፈው ሰንጠረዥ «+12ቪ» የሚለው ሥር ያለውን አምፔር ፈልጉና በ12 አባዙት። 14 አምፔር ካለ 168 ዋት ነው። ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚበሉት ከዚሁ መስመር ነው። አርኤክስ 580 ለብቻው 185 ዋት የተመደበለት ካርድ ነው፤ አይ5-4570 የሚባለው ፕሮሰሰር እስከ 84 ዋት ይላል። ፊልም ሲታይ ካርዱ ያንቀላፋል፤ ጌም ሲከፈት ይነሳል፤ ፓወር ሳፕላዩ አቅም ያጣና ራሱን ይዘጋል። ራሱን ከዘጋ እንኳ እድለኛ ናችሁ፤ መከላከያ ያልተሠራለት ርካሽ ዕቃ ሲሞት ማዘርቦርዱን ይዞ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከግድግዳው የሚመጣ ነው፤ እዚህ አካባቢ ገጣጣሚዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ይሄን ነው። ስቲከሩ ላይ «ኢንፑት» የሚለውን መስመር ተመልከቱ። «100-240» ካለ ግድግዳው 170 ቮልት ሲደርስም ሥራውን ይቀጥላል። «200-240» ወይም «230» ብቻ ካለ፣ ወይም ከኋላው 115/230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ካለው ግን መብራቱ ሲደክም አብሮ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ማታ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ፣ በተለይ ከትራንስፎርመሩ ርቆ መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለ ቤት፣ ከ220 ብዙ ይወርዳል። ማክሰኞና አርብ ብቻ የሚጠፋ ኮምፒውተር ነበር፤ ካርዱም ራሙም ተቀይሮለታል። ማክሰኞና አርብ በጎን ካለው ክፍል እንጀራ ይጋገራል፤ ምጣዱና ኮምፒውተሩ የሚመጡት ከአንድ መስመር ነው። መድኃኒቱ ለምጣዱ ከቆጣሪው የራሱን ወፍራም ሽቦና ብሬከር መሳብ ሆነ።

ለማረጋገጥ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ዩፒኤሱን፣ ስታቢላይዘሩንና ዲቫይደሩን አውጡና ቮልቴጁ ደህና በሆነበት ሰዓት (ጠዋት ይሻላል) ኮምፒውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክታችሁ ጌሙን ክፈቱ። ካልጠፋ ጥፋተኛው ካወጣችኋቸው አንዱ ወይም የማታው ቮልቴጅ ነው። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው፤ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪው ካረጀ ደግሞ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ጭነቱን ይጥላል። ዲቫይደሩን በእጃችሁ ዳስሱት፤ የሞቀ ዲቫይደር ወደ ቅርጫት እንጂ ወደ ሌላ ክፍል አይሄድም።

አሁንም ከጠፋ አፍተርበርነር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና «ፓወር ሊሚት»ን (የካርዱን የኃይል ገደብ) በ30 በመቶ ቀንሱ፤ ጌሙንም በሰከንድ 60 ፍሬም ገድቡት። በዚህ መጥፋቱ ከቆመ ፓወር ሳፕላዩ ላይ ያለው ጥርጣሬ ወደ እርግጠኝነት ተጠጋ። የመጨረሻው ማረጋገጫ መልቲሜትር ነው፦ በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉት፣ ጥቁሩን ጫፍ በትርፍ ባለ 4 ቀዳዳው ሞሌክስ ጥቁር ሽቦ፣ ቀዩን በቢጫው ላይ አስገቡ፣ ፈርማርክ የሚባለውን ካርድ የሚያስጨንቅ ፕሮግራም አስነሱና ቁጥሩን ተከታተሉ። ሳይጫን 12.1 የነበረው ሲጫን ከ11.4 በታች ከወረደ ከተፈቀደው 5 በመቶ አልፏል፤ ፈተናውን ወዲያው አቁሙ። ፓወር ሳፕላዩን ራሱን ግን አትክፈቱት! ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ምን ይገዛ?

ለአርኤክስ 570 ወይም 580፦ «100-240» የሚል፣ በ12 ቮልት መስመሩ ላይ ቢያንስ 30 አምፔር የተጻፈበት፣ ለካርዱ የራሱ 6+2 ፒን ኬብል ያለው። የታወቀ ስም ያለው 450 ዋት፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ከማይታወቅ «700 ዋት» ይበልጣል። በእጃችሁ አንሱት፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ዕቃ ውስጡም ባዶ ነው።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ዴሉ ይዞት የመጣውን ኦርጅናል 275 ወይም 290 ዋት አውጥቶ በፎርጅድ «600 ዋት» መቀየር። ይሄ ማሳደግ ሳይሆን ማውረድ ነው። ብር ካነሰ ኦርጅናሉን ተዉትና ካርዱን ቀንሱ፦ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ 60 ዋት፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75 ዋት ነው። የፓወር ቀዳዳ የሌለው 1050 ቲአይ ወይም 1650 የሚፈልገውን ሁሉ የሚያገኘው ከማዘርቦርዱ ስሎት ነው፤ ስሎቱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል።

ፓወር ሳፕላዩን መቀየር ግድ ከሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የማዘርቦርዱን መሰኪያ ቁጠሩ። የዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ታወር የተለመደው 24 ፒን አለው፤ ማንኛውም ፓወር ሳፕላይ ይገባል። ኦፕቲፕሌክስ 9020 ግን 8 ፒን ነው፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ደግሞ 6 ፒን፤ መቀየሪያ ኬብል ሳይያዝ ፓወር ሳፕላይ ብቻ ገዝቶ መምጣት የመኪና ብር ማቃጠል ነው።

ከሳታ ወደ 6 ፒን የሚቀይረውን አጭር ኬብል አትጠቀሙ። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒኑ ካርድ 75 ዋት ሊጠይቀው ይችላል። መጀመሪያ የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ጥቁሩ መሰኪያ ቡናማ ሆኖ ይቀልጣል፣ የቀለጠው ሽቦዎቹን ያገናኛል። ሃርድ ዲስክ በዚያው መስመር ላይ ካለ የሠርጉ ፎቶም አብሮ ይሄዳል።

ቀይ ማዞሪያ ያለው ፓወር ሳፕላይ ከሆነ 230 ላይ መሆኑን አይታችሁ በፕላስተር ሸፍኑት። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ተኩስ ነው የሚመስለው፤ ማዞሪያው ደግሞ ለሕፃን ጣትና ለእስክሪብቶ የተሠራ ይመስላል።

ኬዙ ይነዝራል

ኬዙን በባዶ እግር ሲነኩት ውርር የሚያደርግ ከሆነ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) የለም። ፓወር ሳፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ኧርዝ ሲያጣ ኬዙ ላይ የግድግዳውን ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት ያህል ያስቀምጣል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ለሰው ብዙም አያሰጋም፤ ዕቃ ግን ይገድላል። ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ ኤችዲኤምአይ ከቲቪ ጋር ሲያገናኙ ብልጭ ብሎ የካርዱ ቀዳዳ የሚቃጠለው በዚሁ ነው። ኧርዙ እስኪሠራ ድረስ መጀመሪያ ኬብሉን አገናኙ፣ ከዚያ መብራቱን ሰኩ።

መፍትሄው በኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚቀበር የኧርዝ ዘንግ ነው። ሦስተኛውን እግር መቁረጥ መፍትሄ አይደለም። ሶኬቱ ውስጥ ኧርዙን ከኒውትራሉ ማገናኘት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት ኬዙ ሙሉ 220 ይሆናል። ይሄን «ዘዴ» የሚመክራችሁን ሰው ቆጣሪያችሁን እንዳያስነኩት።

ካርዱ 1050 ቲአይ ይላል፣ ጌሙ ግን አይሄድም

ከኋላው ባለ 15 ቀዳዳውን ሰማያዊ ቪጂኤ ካያችሁ ፎርጅድ ነው፤ እውነተኛው 1050 ቲአይ ቪጂኤ የለውም። እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ በ2010 እና በ2011 የወጡት የጂቲኤስ 450 ወይም የጂቲኤክስ 550 ቲአይ ቺፖች ናቸው፤ ባዮሳቸው (የካርዱን ማንነት የሚናገረው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ተቀይሮ ዊንዶውስ ላይ 1050 ቲአይ እንዲባሉ ተደርገዋል። አዲስ ድራይቨር ሲጫን ስክሪን ይጠቁራል ወይም ማሽኑ አይነሳም። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርድ መመርመሪያ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ብር ሳትከፍሉ ሻጩ ፊት ክፈቱት፤ ከስሙ ፊት ፌክ ብሎ ይጽፍላችኋል። «ውስጡ ያው ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ካርዱን መልሱለትና ውጡ። መፍትሄ የለውም፤ ባዮስ መልሶ ቢጻፍለትም የድሮው ካርድ ነው የሚሆነው።

ሙቀት

ደሴ ስለሚበርድ ኮምፒውተር አይሞቅም የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከተማው ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባህር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ኮምቦልቻ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፣ ግን ይሞቃል። ለሁለቱም ሥራው አንድ ነው፦ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የደረቀውን ፔስት ጠርጎ የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ ፔስት፣ ከኬዙ ኋላ አየር የሚያስወጣ ባለ 12 ወይም ባለ 9 ሴንቲ ፋን፣ አቧራውን በብሩሽ። በብሎወር ስትነፉት የካርዱን ፋን በጣት ያዙት፤ ያለ ቅጥ የዞረ ፋን ኩሽኔታው ይሄዳል። ፕሮሰሰሩ ከ90 ዲግሪ ካልወረደ ማቀዝቀዣው አንድ እግሩ አልገባም፤ ፔስት አትጨምሩ፣ ነቅላችሁ እንደገና ግጠሙት።

የቀሩት

ካርድ ተሰክቶ ስክሪን ካልመጣ ኬብሉ ማዘርቦርዱ ላይ እንዳይሆን እዩ፤ አሁንም በየሳምንቱ ያጋጥማል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ሲአር2032 ባትሪው አልቋል። ከሰርቨር የወጣ ሬጂስተርድ ራም በእነዚህ ታወሮች ላይ አይነሳም፣ ርካሽ የሆነውም ለዚያ ነው። አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ጌም ውስጥ ከተቆራረጠ ሁለት ባለ 4 ይሻለዋል። አዲስ ጌም ገና ሲከፈት ያለ ምንም መልእክት ከተዘጋና ፕሮሰሰሩ አይ5-3470 ከሆነ ጌሙ ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የፕሮሰሰር ትእዛዝ ፈልጎ ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛው ትውልድ የለውም፣ አራተኛው አለው። ለጠባቡ ኬዝ ከተገዛ ደግሞ የሚገባው አጭሩ ካርድ ብቻ ስለሆነ ቁመቱን ሳትለኩ ካርድ አትግዙ።

ከአዲስ አበባ ተገጥሞ በአውቶቡስ የመጣ ማሽን ካርዱን ካላወቀ ስሎቱን በባትሪ መብራት እዩት፤ ከባድ ካርድ 400 ኪሎሜትር ሲንገጫገጭ ስሎቱን ይሰነጥቃል፣ ያንን ማንም አይጠግነውም። ላኪውን ካርዱን ነቅሎ በራሱ ካርቶን እንዲልከው አስቀድማችሁ ንገሩት።