«እግዚአብሔር ይመስገን» ሰላምታ እንጂ መልስ አይደለም

አዲስ ተመድበው የሚመጡ የጤና ባለሙያ ልጆች ሁሉ አራስን ስለ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ሲጠይቁ የሚጀምሩት በዚህ ስህተት ነው፤ ሰላምታዋን እንደ መልስ ይወስዳሉ። ባለፈው ሳምንት አንዷን ይዤ ጎንደር ውስጥ ማራኪ ወደሚገኝ አራስ ቤት ሄድኩ። አራሷ ከወለደች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ገንፎ ቀርቧል፤ ቡና ተፈልቷል፤ አማቷ ከራስጌ፣ የባሏ እኅት ከግርጌ፣ ሁለት ጎረቤቶች በሩ ሥር ተቀምጠዋል። ልጃችን ማስታወሻዋን አወጣችና ድምጿን ከፍ አድርጋ «ጭንቀት ወይም ሐዘን ይሰማሻል?» አለቻት። አራሷ አማቷን አየት አደረገችና «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነኝ» አለች። ልጃችን «ችግር የለም» ብላ ጻፈች። ገንፏችንን በልተን ወጣን።

ሌላ ምን ልትል ኖሯል? አማቷ ፊት «ልጄን ሳየው ምንም አይሰማኝም» ትበል? «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያላት ሰው ገና ከደጅ ሳይርቅ አዝኛለሁ ያለች ሴት ምስጋና ቢስ ተብላ እስከ ክርስትናው ድረስ ስሟ ሲነሣ ይከርማል። በእኛ አገር «እንዴት ነሽ?» ሲባል ታሞም፣ ተርቦም፣ ለቅሶ ተቀምጦም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። ይህን የጎንደር ልጅ ሆና የማታውቅ የለችም፤ ነጭ ጋውን ስትለብስ ግን እንዴት እንደሆነ ሳይገባኝ ትረሳዋለች። ሰላምታን ከመዝገብ ላይ አስፍራችሁ «አራሷ ጤነኛ ናት» አትበሉኝ።

መጀመሪያ ቤቱን አራግፉ። ማባረር አይደለም፤ ዘዴ አለው። እኔ «ስፌቱን ልይላት» እላለሁ፤ ይህን ሲሰሙ ጎረቤቶቹ ይነሣሉ። ስፌቱንም በእርግጥ አየዋለሁ። አማትየዋን ደግሞ «እማማ፣ እስኪ ይህን ልጅ ፀሐይ ያሙቁልኝ» ብዬ ሕፃኑን አስይዛቸዋለሁ፤ ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። ከዚያም ስለ ሐዘን ሳይሆን ስለ እንቅልፍ ጠይቁ፤ «ልጁ ሲተኛ አንቺስ ይወስድሻል?» በሏት። ሕፃኑ ተኝቶ እሷ ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ የምታድር ከሆነ ብዙ ነገር ነግራችኋለች። ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ አትሙሉት። ከሁለት ቀን በኋላ ብቻዬን ስመለስ የማራኪዋ አራስ ሕፃኑ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ የነገረችኝ ይህንኑ ነበር።

መጠይቁን እንደ ፖሊስ ቃል መቀበያ አታንብቡት። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውና ወደ አማርኛ የተመለሰው የኤድንብራ የወሊድ ድባቴ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ የሚጠይቀው ስላለፉት 7 ቀናት ነው፤ ድምሩም ከ30 አያልፍም። ከፍ ያለ ድምር «በደንብ ትመርመር» ማለት እንጂ «ታማለች» ማለት አይደለም።

አሥረኛውን ጥያቄ፣ ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀውን፣ አትዝለሉ። እኔ ዘልዬዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ ከአዘዞ የመጣች የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ፊቴ ተቀምጣ ብጠይቃት ሐሳቡን እኔው የማስገባባት መስሎኝ ዘጠነኛው ላይ አቆምኩ። በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰችና «እኅቴ፣ ከወረቀቱ ላይ የቀረ ጥያቄ የለም?» አለችኝ። ከማዶ ሆና አንብባዋለች። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ እሷ ስትጠብቀው ነበር።

ነፍሰ ጡር እንደነበረችም ልብ በሉ። «የወሊድ ድባቴ» ስለተባለ ብቻ ወሊድ የሚጠብቁ አሉ። ከወሊድ በኋላ ከሚታየው ድባቴ ገሚሱ ገደማ የሚጀምረው ከወሊድ በፊት ነው፤ ደም ግፊት ስትለኩ ይህንንም ጠይቁ።

ሆድ መባስን ከሕመም አትቀላቅሉ። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ያለ ምክንያት እንባ እንባ የሚላት ብዙ ናት፤ እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ይተዋታል። ካልተዋት ወይም ከባሰባት ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች ወደ 20 በመቶ የሚጠጉት የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድባቴ፣ እንደሚያጋጥማቸው ይገልጻል። ሦስተኛው፣ ከእውነታ የሚያርቀው ሕመም፣ ግን ለነገ አይባልም። ሳትተኛ የማይደክማት፣ ሰው የማይሰማውን የምትሰማ፣ ልጄን ቀየሩብኝ የምትል አራስ ከ1,000 ወላዶች 1 ወይም 2 ብትሆንም በዚያው ቀን ሆስፒታል ትድረስ፤ እስክትደርስም ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አትተው።

ጠበሉን ትታ እንድትመጣ አትጠይቋት። አትመጣም። ጠበሉንም ሕክምናውንም ትያዝ።

ልጇ ለሞተባት «ሌላ ይተካልሻል» አትበሉ። በቃ።

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ላይ የነበረች ሴት አርግዛ ስትመጣ «አቁሚው» የሚል ችኩል አይጠፋም። በድንገት ማቆም ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል። እንደ ቫልፕሮኤት ያሉ በእርግዝና ጊዜ መቀየር ያለባቸው አሉ፤ እንደ ሰርትራሊን ያሉ ደግሞ ጡት እያጠባች ልትወስዳቸው የምትችላቸው አሉ። የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምን ላደርግላት?» ለምትሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፦ በፓኪስታን ገጠር እንደ እናንተ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሴቶች ሠልጥነው የነፍሰ ጡሮችን ድባቴ ከግማሽ በታች አውርደዋል። ምክር አላዘነቡም፤ ለሳምንቱ አንዲት ትንሽ ነገር ከእናቲቱ ጋር መርጠው፣ ቤተሰቡንም አስገብተው፣ በሳምንቱ «እንዴት ሆነ?» ብለው ተመለሱ።

የመጨረሻው ስህተት ከክርስትና በኋላ መጥፋት ነው። ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን እስኪሞላ ቤቱ ሰው ነው። ድግሱ ሲያልቅ ከደባርቅ የመጣችው እናቷ አገሯ ትገባለች፤ ጎረቤቱ ይበተናል፤ ባልም ሥራው ላይ ይውላል። ድባቴ ግን እስከ ዓመት ድረስ ሊመጣ ይችላል። የማራኪዋ ልጅ ወንድ ነው። 40 ቀኑ ሲሞላ ለማግሥቱ ቀጠሮ ይዤላታለሁ፤ ያቺን ተመዳቢም አስከትላታለሁ። ያን ጊዜ አማትየዋ ከሌሉ ሕፃኑን ፀሐይ የማሞቁ ሥራ የእሷ ነው።