የአየር ሁኔታ ካርታ ላይ ግንባሮችን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

የአየር ሁኔታ ካርታ ስትከፍቱ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው ባለቀለሞቹ ወፍራም መስመሮች፣ ማለትም ግንባሮቹ ላይ ነው። ለጊዜው ተዉአቸው። መጀመሪያ ጥግ ላይ የተጻፈውን ሰዓት እዩ። ብዙውን ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ስለሚጻፍ ወደ አካባቢያችሁ ሰዓት ቀይሩት።

ቀጥሎ ቀጫጭኖቹ መስመሮች። እያንዳንዳቸው እኩል የአየር ግፊት ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛሉ። በብዙ ካርታዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ልዩነት 4 ሚሊባር (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው። ሲጠጋጉ ነፋሱ ይበረታል፣ ሲራራቁ ይለዝባል። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ነፋሱ ዝቅተኛ ግፊትን የሚዞረው የሰዓት ቆጣሪ ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው፤ በደቡብ ግልባጩ። ከዚህ በታች የምለው ለሰሜኑ ነው። ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቁ አገሮች ግን የአየሩ የሙቀት ልዩነት ትንሽ ስለሆነ እንዲህ ያለ ግንባር እምብዛም አይታይም። እዚያ ነፋሳት የሚገናኙበትን ቀጠና መከታተል ይሻላል።

አሁን ወደ ግንባሮቹ። ግንባር ማለት ሁለት የተለያዩ ግዙፍ የአየር ክምችቶች የሚዋሰኑበት ድንበር ነው። ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ያለው ቀዝቃዛ ግንባር፣ ቀይ ግማሽ ክብ ያለው ሞቃት ግንባር ነው። ሁለቱ ምልክቶች በተቃራኒ ጎን ከተፈራረቁ ግንባሩ ባለበት ቆሟል። ሐምራዊ ከሆነ ቀዝቃዛው ሞቃቱን ደርሶበታል። ምልክቶቹ ወደዞሩበት ጎን ግንባሩ ይጓዛል።

ይህን መሸምደድ ቀላል ነው። የሚከብደው ግንባሩ ሲያልፍ ምን እንደሚቀየር ከካርታው ማውጣት ነው። ለዚህ ከመስመሩ ፊትና ኋላ ሁለት የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያዎችን ምረጡና ቁጥራቸውን አስተያዩ። ለምሳሌ ከቀዝቃዛ ግንባር ፊት ያለው ጣቢያ ሙቀቱ 24 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ (አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት) 18፣ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ፣ ግፊቱ እየወረደ ነው እንበል። ከኋላ ያለው ደግሞ 15 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ 7፣ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ፣ ግፊቱ እየጨመረ። አራቱም አብረው ከተቀየሩ ግንባሩ በመካከላቸው ነው።

ሙቀትን ብቻ አትመኑ። አንዱ ጣቢያ ደመና፣ ሌላው ፀሐይ ስላለው ብቻ ልዩነቱ ሊሰፋ ይችላል። እኔ ይበልጥ የማምነው የጤዛ ነጥብን ነው፤ ፀሐይ ወጣች ገባች ብሎ እንደ ሙቀት አይዋዥቅም። የነፋሱ ምልክት ጭራ ደግሞ የሚያሳየው ነፋሱ የመጣበትን ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይዛባበታል።

ዝናቡን የት ትጠብቃላችሁ? ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። እንደ ሽብልቅ ከሞቃቱ ሥር ገብቶ ሽቅብ ያስነሳዋል። ስለዚህ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ መስመሩ አካባቢ፣ በጠባብ ቀጠና፣ አንዳንዴም ከነጎድጓድ ጋር ይወርዳል። ሞቃት ግንባር ላይ ግን ሞቃቱ አየር በቀዝቃዛው ላይ ቀስ እያለ ይወጣል። ስስ ደመናው መስመሩ ከመድረሱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ቀድሞ ይታያል፤ ረጅሙ ዝናብም ከመስመሩ ፊት ነው።

የስልክ መተግበሪያ የዝናብ ምስል ያሳያችኋል፣ ምክንያቱን ግን አይነግራችሁም። በ6 ሰዓት የሚለያዩ ሁለት ካርታዎች አትማችሁ በእርሳስ ሥሩ። ግንባሩ በ6 ሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ነው። 200 ኪሎ ሜትር ከቀረው፣ ፍጥነቱን ካልቀየረ፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ይደርስባችኋል። አዲስ ካርታ ሲወጣ ስሌቱን እንደገና ሥሩ።